ሕመም አስታጋሹ ወንድሜ

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የእኛ እናት ሆድ ግን ሁለት ቀለም ብቻ ነው ያወጣው፤ አንድ ሊቅና አንዲት ልብስ ሰፊ። ልብስ ሰፊዋ እኔ ነኝ። ሊቁ ታላቅ ወንድሜ ነው። አጭር ሱሪ ለብሶ ትምህርት ቤት ከሚመላለስበት ጊዜ ጀምሮ ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ሊቁ» እያለ ነው የሚጠራው፤ እሱም አንድ ቀን «ኧረ ተዉኝ» ብሎ አያውቅም። በትምህርት እሱ ይበልጠኛል፣ በምላስ እኔ እበልጠዋለሁ። እናታችን ሁለታችንንም ችላ ነው የኖረችው።

የሚማረውን ነገር ለደንበኞቼ ለማስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ። ኒውሮፋርማኮሎጂ ይባላል። መድኃኒት ወደ አንጎልና ወደ ነርቭ ገብቶ ምን እንደሚሠራ የሚያጠና ትምህርት ነው። አንዷ ደንበኛዬ ቀሚሷን እየለካኋት ቃሉን ሰማችና «በሽታው ነው መድኃኒቱ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ በአፌ የያዝኩት መርፌ እስኪወድቅ ሳቅኩ። አሁን ቢጠይቁኝ የምመልሰውን አላውቅም።

ወንድሜ ሁለተኛ ዲግሪውን ጨርሶ ሦስተኛውን የጀመረው በእናታችን እግር ምክንያት ነው። እናታችን ስኳር በሽታ አለባት። በሽታው ውሎ አድሮ የእግሯን ነርቭ ጎዳውና «ፍም የረገጥኩ ይመስለኛል» ማለት ጀመረች። አንሶላ ሲነካት እንኳ ትሳቀቃለች። ሐኪም ቤት የሚሰጧት ክኒን ሕመሙን ቀነስ ያደርግላታል እንጂ አያጠፋውም፤ በዚያ ላይ ያፈዛታል። ወንድሜ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ «ይህን የሚያጠፋ መድኃኒት እኔ አገኝልሻለሁ» አላት። ሰው ለእናቱ ብዙ ነገር ይላል። እሱ ግን የምሩን ነበር፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ አንድ ሥርዓት ገባ። ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ ጫማውን ያወልቃል፣ እጁን ይታጠባል፣ አጠገቧ ይቀመጥና «እማዬ፣ ከአንድ እስከ አሥር ዛሬ ስንት ነው?» ይላታል። አንድ ማለት ብዙም አይሰማም ማለት ነው፤ አሥር የመጨረሻው ሥቃይ ነው። መጀመሪያ ላይ እውነቱን ትነግረው ነበር። አንድ ቀን «ስምንት» አለችው። ምን በላሽ፣ ክኒኑን መቼ ዋጥሽ፣ ለምን አልተራመድሽም፣ ለምን ተራመድሽ እያለ እንደ መርማሪ ሲያፋጥጣት ቆየና በመጨረሻ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እራቱንም ሳይቀምስ ተኛ። እናቴ የዚያን ዕለት ያየችውን ፊት አልረሳችውም። በማግሥቱ «ስድስት» አለችው፣ ሰንበት ብላ «አራት» አለችው፣ ከዚያ ሁለት ላይ ደርሳ እዚያው ቀረች።

እኔን ለብቻዬ ስታገኘኝ ደግሞ «ምን ቁጥር አለው ይሄ? እሳት ይቆጠራል?» ትለኛለች።

የሚሠራበትን ቤተ ሙከራ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። የነጭ ጋወኑ እጅጌ ተተርትሮበት ሰፍቼ ላደርስለት ሄድኩ። ከሕንፃው በስተጀርባ ያለ መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ የሳጋቱራና የሽንት ሽታ ገና በር ላይ ይቀበላል። ግድግዳው ከታች እስከ ላይ የላስቲክ ሳጥን የተደረደረበት መደርደሪያ ነው፤ በየሳጥኑ ነጫጭ አይጦች አሉ። በሩን የከፈተችልኝ አብራው የምትማር ልጅ ናት። ትልቅ መነጽር ስለምታደርግ ባለመነጽሯ እላታለሁ። እያወራችኝ ሳጥኖቹን ስታጸዳ አይጦቹ ይሯሯጣሉ፣ እርስ በርስ ይረጋገጣሉ፣ ጣቷን ያሸታሉ። ወንድሜ በሩን ከፍቶ ሲገባ ግን ሁሉም ባሉበት ቀጥ አሉ። ያ ሁሉ አይጥ፣ አንድም የሚንቀሳቀስ የለም።

እሱ ፈገግ ብሎ «አየሽ፣ ያውቁኛል» አለኝ። ኮራ ያለ ይመስል ነበር።

የሚያጠናው መድኃኒት ከዛፍ ቅርፊት የወጣ ቡናማ ዱቄት ነው። ሙከራውን እኔም ብሆን አስረዳዋለሁ። አይጡ መድኃኒቱን ይወጋና ሞቅ ያለ ብረት ላይ ይቀመጣል። ሲያቃጥለው እግሩን አንሥቶ ይልሳል፤ እንደላሰ ያነሡታል። ቶሎ ከላሰ ሕመሙ ተሰምቶታል፣ ከቆየ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው። ለማነጻጸር ደግሞ ሌሎች አይጦች የጨው ውሃ ብቻ ይወጋሉ። ሥራውን ለሁለት ተካፈሉት። ወንድሜ ያቺን ዱቄት ለማንም ስለማያምን መድኃኒት የሚወጉትን ራሱ ያዘ፤ የጨው ውሃዎቹን ለባለመነጽሯ ተወላት። የሁለቱም አስተማሪ የሆኑት ፕሮፌሰሯ «ቀላቅላችሁ ሥሩ» ብለዋቸው ነበር አሉ። ማን ሰምቷቸው።

ውጤቱ ተአምር ሆነ። የባለመነጽሯ አይጦች ገና ብረቱ ላይ ሲያርፉ እግራቸውን ይልሳሉ። የወንድሜ አይጦች ጭጭ ብለው ይቆማሉ። ፕሮፌሰሯ ሳይቀሩ ተደስተው ሥራውን ትልቅ ስብሰባ ላይ እንዲያቀርብ አዘጋጁት። እሱ ግን ስብሰባውን አልጠበቀም። ከማንም ተደብቆ ዱቄቱን በባዶ እንክብል ሞልቶ ወደ ቤት ይዞት መጣ።

ሰው ላይ ተሞክሯል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። የአይጥና የሰው ነርቭ ይህን ያህል እንደማይለያይ፣ መርዛማ አለመሆኑን ደግሞ አስቀድመው እንዳረጋገጡ ነገረኝ። ራሱም ሁለት እንክብል ውጦ አሳየን። መርዝስ አልነበረም፤ እሱን አልዋሸም። የሐኪም ቤቱን ክኒን አስቁሞ በእሱ እንክብል ተካው። በሁለተኛው ሳምንት እናቴ «ኧረ ዛሬስ አንድ ነው ልጄ፣ አንድም አይሞላ» አለችው። ወንድሜ ጉልበቷ ላይ ራሱን ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷ ፀጉሩን እየዳበሰች ቀና ብላ ወደ እኔ አየች። ዝም በይ የሚል አስተያየት ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

በየጊዜው ሐኪም ቤት እየሄደች እግሯን የምታሳይበት ክትትል ነበራት። የስኳር ሕመምተኛ እግር ቁስል ይደብቃልና ነርሷ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትመለከትላት ነበር። አሁን ደህና ከሆንሽ ምን ያሰልፍሻል አላት ወንድሜ። እሷም እውነትህን ነው አለችው። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ተከራከርኩ። ሁለቱም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።

አሁን ስለ ስፌት መኪናዬ ልንገራችሁ። የምሠራው ሳሎን ውስጥ ነው፤ የእናቴ መኝታ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የወንድሜ ክፍል ከሱ ቀጥሎ። ወንድሜ ቤት ሲሆን እናቴ ከውስጥ «አንቺ ልጅ፣ ስፌትሽን አትሰፊም?» ትለኛለች። መጀመሪያ ሥራ የፈታሁ መስሏት ነው ብዬ ተቆጣሁ። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። መኪናው ሲጮህ እሷ ከሥሩ ታቃስታለች። ስቆም ትቆማለች። የምሰፋው ጨርቅ ባለቀብኝ ጊዜ ባዶውን እረግጠዋለሁ፤ መርፌው ባዶ ብረት ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ወንድሜ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ሰሞኑን ሥራ በዛልሽ አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ አዎ፣ ተመስገን አልኩት።

በመጨረሻ አልቻልኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ ጮህኩባት።

«መድኃኒቱማ ተገኝቷል» አለችኝ ቀስ ብላ። «ልጄ አግኝቶታል። ዕድሜውን የጨረሰው ለዚህ እግር ነው። አልሠራም ብዬ ልግደለው?»

እሷን ትቼ ለእሱ ነገርኩት። ታቃስታለች፣ ካልሲዋን ሌሊትም ቀንም አታወልቅም፣ ክፍሏ ውስጥ የማልወደው ሽታ አለ አልኩት። ያዳመጠኝ ራሱን እየነቀነቀ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ የሚሰማትና አንድ ሕመምተኛ ራሷ የምትናገረው እኩል ማስረጃ እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳኝ፤ ትሕትናው ነው ያቃጠለኝ። የሆነ ሆኖ ገብቶ እግርሽን አሳዪኝ አላት። እኔ ያን ጊዜ በር ላይ ከደንበኛ ጋር ነበርኩ። ሲወጣ ደህና ነው፣ ለቆዳዋ ድርቀት ቅባት ግዢላት አለኝ። እናቴ ያሳየችው ደህናውን እግሯን እንደሆነ ያወቅኩት ከረፈደ ነው። ካልሲውን ከአንዱ እግር አወለቀች፣ አየ፣ ያኛውስ ሲላት «ያው ነው፣ መንታ ናቸው» ብላ አሳቀችው። እናቴ ቀልድ ታውቅበታለች።

ከዚህ በኋላ በቤተ ሙከራው የሆነውን ወንድሜ ራሱ ሐኪም ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነው የነገረኝ።

ባለመነጽሯ ልትወልድ ዕረፍት ወጣች። ሥራው እንዳይቆም የጨው ውሃዎቹንም አይጦች ወንድሜ ያዘ። የመጀመሪያውን አይጥ ብረቱ ላይ አስቀመጠው። አልላሰም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። የጨው ውሃ ተወግተው መድኃኒት እንደተወጉት ጭጭ። ብልቃጦቹን ያቀላቀለ መስሎት ሁሉን ደፍቶ እንደገና ጀመረ። ያው ሆነ። ብረቱ ቀዝቅዞ ይሆናል ብሎ በእጁ ነካው፤ ይፋጃል። ነገር ዓለሙ ዞረበትና ፕሮፌሰሯን ጠራቸው።

ፕሮፌሰሯ መጥተው ከጎኑ ቆሙ። ለረጅም ጊዜ አይጡን ሳይሆን እሱን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ከክፍሉ እንዲወጣ ነገሩትና ሙከራውን ራሳቸው ሠሩት። አይጦቹ እግራቸውን ላሱ። በዚህ አላበቁም። የለበሰውን ሸሚዝ አስወልቀው ወንበር ላይ አንጠለጠሉትና እሱ ውጭ እንደቆመ እንደገና ሞከሩ። ሸሚዙ ባለበት አንድም የላሰ የለም። ወንድሜ በካናቴራ ኮሪደር ላይ ቆሞ ነበር።

«ሽታህን ፈርተው ነው፤ አይጥ የወንድ ላብ ያስፈራዋል» አሉት ሲወጡ። «ሕመሙን የሚያሳይ እንስሳ በአውሬ ይበላል። የሚፈራው ነገር አጠገቡ ካለ እየተቃጠለም ዝም ይላል። አንተ ስትገባ ሕመማቸው አልጠፋም፤ ደበቁህ እንጂ።»

ስብሰባው ቀረ፣ የድካሙ ሁሉ ውጤት ውሃ በላው። ሌላ ሰው ቢሆን ቅስሙ የሚሰበረው በዚህ ነበር። ወንድሜ ግን ያን ጊዜ ስለ ትምህርቱ እንዳላሰበ ማለልኝ። ሸሚዙን እንኳ ሳይቆልፍ ወደ ቤት ሮጠ።

እኔ ባዶውን መኪና እየረገጥኩ ነበር። እናቴ እሱ በሌለበት ሰዓትም ጎረቤት እንዳይሰማት ማስረገጥ ጀምራ ነበርና። የሆነ ነገር ብርሃኔን ሲጋርድብኝ ቀና አልኩ። ወንድሜ በር ላይ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላውቅም። ዓይኑ ከመርፌው ሥር ነው፤ ጨርቅ የለም። እጁን አንሥቶ አቁሚ አለኝ። እግሬን ከመርገጫው ላይ አነሣሁ።

የእናቴ ድምፅ ቤቱን ሞላው። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሷ ይወጣል ብዬ እኔም አላስብም ነበር፤ ለካ እስከዚያ ቀን እኔም በደንብ ሰምቻት አላውቅም። ከመጋረጃው ጀርባ «ምነው አቆምሽ? እርገጪው እንጂ!» አለችኝ፣ እያቃሰተች። ወንድሜ መጋረጃውን ገለጠ። ድምፁ በመቀስ እንደተቆረጠ ክር ቀጥ አለ።

«መጣህ የኔ ሊቅ? ምነው ዛሬ በጊዜ?» አለችው። ፈገግ ብላለች። ግንባሯ በላብ ርሷል።

ስንት ነው ብሎ አልጠየቃትም። ተንበርክኮ ካልሲዋን ጎተተ። እሷ እግሯን ልትሰበስብ ሞከረች፣ አቅም አነሳት። ካልሲው ከቆዳዋ ጋር ተጣብቆ ነበር። አውራ ጣቷና ቀጥሎ ያለው ከሰል መስለዋል፤ ጥቁረቱ ወደ ላይ፣ ወደ ቁርጭምጭሚቷ እየወጣ ነው። ሽታውን አልናገረውም። እናቴ ያፈረች ልጅ መስላ «ጫማው ነው፣ ጫማው ነው የነካኝ» ትላለች። ወንድሜ አቅፎ አነሣት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከወንድሜ ያንሳል። እግሯን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ቆየች፣ እንዴት ቻለችው ብሎ ጠየቀን። ከዚያ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ ሕመምሽ ከአንድ እስከ አሥር ቢሆን ስንት ይሆናል አላት። እናቴ ወንድሜን አየችው። ቁስሏ ተከፍቶ፣ ሁላችንም እያየነው፣ «ሁለት» አለች።

ወንድሜ «እኔ ልውጣ፣ ከዚያ ጠይቃት» አለው። ወጥቶ በሩን ዘጋው። ሐኪሙ ግራ ገብቶት ወደ እኔ አየ። ጠይቃት አልኩት። ደግሞ ጠየቃት።

እናቴ በሩ መዘጋቱን አረጋገጠች። ከዚያ «ከአሥር በላይ የለም ወይ?» አለችው፤ ለቅሶዋም ያን ጊዜ መጣ።

እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ የቁስሉ መርዝ ቀድሞ ደሟ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው ወጥታ እንደገና ትኩሳት ያዛት። ለሕመሙ የሚሰጧት መርፌ ለጥቂት ጊዜ ያሳርፋትና ይለቃታል። ወንድሜ ክፍሉ በር አጠገብ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ውስጥ አልገባም። እናቴ «ሊቁ የት ሄደ?» ስትለኝ መድኃኒት ሊገዛ፣ ፕሮፌሰሯ ጋ፣ እያልኩ አሳብባለሁ። እሱ እንደሌለ ስታምን ትጮኻለች። በሩ ስስ ነው። እያንዳንዷን ድምፅ ይሰማታል። ግድግዳው ላይ ራሱን አስደግፎ፣ ዓይኑን ከፍቶ፣ ምግብ ሳይነካ ይሰማታል። የሚያልፉት ነርሶች መንገዳቸውን ከእሱ ራቅ ማድረግ ጀምረው ነበር።

ተናደድኩበት። አንጀቷን የምትበላው አንተ ነህ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ትይህ፣ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለህ አልኩት።

«ስገባ ትይዘዋለች» አለኝ። «እንድትታመም ልተዋት። እኔን ደግሞ እንድታስታምም አላደርጋትም።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ፈራሁት ብል ይቀላል። ያ ሁሉ ሲቃና ጩኸት እሱን የሚያጽናናው ይመስል ነበር። ከፍ ሲል ትከሻው ይረግባል። ዝቅ ሲል የአግዳሚውን ጠርዝ በሁለት እጁ ይጨብጣል። እንዲህ እየሆነ ጥቂት ቀን ሄደ።

አንድ ቀን ከሰዓት ልብሷን ላጥብ ወደ ጓሮ ወረድኩ። ስመለስ ከደረጃው ጫፍ አየሁት። ከአግዳሚው ተነሥቶ በሩ ፊት ቆሟል፣ እጀታውን ይዟል፣ ግን አይከፍተውም። ጆሮውን ወደ በሩ አስጠግቷል። ኮሪደሩ ጸጥ ብሏል። ስደርስ ዞሮ አየኝ፤ ፊቱ እናቴ «ስምንት» ያለችው ዕለት የነበረውን ፊት መስሏል።

«ዝም አለች» አለኝ።

መርፌው ይዟት ይሆናል፣ ተኝታ ይሆናል አልኩት። እርጥቡን ልብስ እንደታቀፍኩ ነበር፤ ውሃው ጫማዬ ላይ ይንጠባጠባል። ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ እኮ ውጭ ነኝ» አለኝ።